ዋቲ ፐርቭስና የሰኞው ደብዳቤ

ቀኑ ፌብሩዋሪ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ሦስት ነበር፤ ሰኞ። ነበር ወይ? ደብዳቤው ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ሰኞ ከሆነ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሲገባኝ፣ ራሴን የማስታውሰው ዋቲ ፐርቭስ ወጥ ቤት ውስጥ የአጃ ቂጣ ስበላ ነው። የዋቲ ሚስት ኤልስፔት ደግሞ ማክሰኞ ነው ባይ ናት። ሰኞ ልብስ የማጥብበት ቀን ነው፣ የዚያን ዕለት ገመዱ ላይ አንድም አንሶላ አልነበረም ትላለች። ምናልባት በረዶ ጥሎ ይሆናል። ምናልባት እኔ የሁለት ቀን ነገር አንድ ላይ ሰፍቼው ይሆናል። በኋላ በዚያ ቀን ላይ ዳኞች ብዙ ገጽ ስለጻፉበት፣ ቢያንስ ቀኑን በትክክል ባስታውስ ደስ ባለኝ።

ዋቲ ከላመርሚዩር ኮረብቶች ግርጌ ያለው የብላክሪግ እርሻ ጭሰኛ ነበር። አባቴ ከዚያው ቀጥሎ ባለው እርሻ ቅጥር ላም አላቢ ስለነበረ፣ እኔ ከዋቲ ቤት ሳልወጣ ነው ያደግኩት። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ነገሩን ሳይጨርስ የሚተው ሰው ነው። በጎቹን ሲሰድብ ግን አንድ ቃል አያጎድልም።

መሬቱ የሰር ኢዋን ነው። በአገራችን ሕግ ጭሰኛ አንዴ ሥር ከሰደደ እሱም ልጁም በቀላሉ አይነቀሉም ነበርና፣ ባለመሬቶች ዘዴ ፈጥረው ነበር። ዋቲ በሰማንያ አምስት ብላክሪግን ሲይዝ ጭሰኛው እሱ አልሆነም፤ ጭሰኛው ሽርክና ነው። ሸሪኮቹ ደግሞ ዋቲና አንድ የሰር ኢዋን ቢሮ ጸሐፊ ናቸው። ጸሐፊው “ወጥቻለሁ” ብሎ የጻፈ ዕለት ሽርክናው ይፈርሳል። ሽርክናው ከፈረሰ ጭሰኛ የሚባል የለም፤ ዋቲም የለም። በዚያ ዘመን መሬት ፈላጊ ሁሉ እንዲህ እየፈረመ ነበር የሚገባው። ሌላ በር አልነበረም።

ዋቲ ሸሪኩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የገብሱ አጨዳ ሲያልቅ፣ ሁላችንም አቧራ ለብሰን ጠረጴዛውን ስንከብ፣

“ኤልስፔት፣ ለሸሪኬም አንድ ስኒ አስቀምጪለት እንጂ” ይላል።

“ምን ሠርቶ?”

“ፊርማ ቀላል መሰለሽ? ክንድ ያዝላል።”

ፓርላማችን ያኔ ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሕግ ከለንደን ሲመጣልን ኖሮ፣ አሁን ለንደን ከሥልጣኗ ቆርሳ ሰጥታን፣ ኤድንብራ ውስጥ የራሳችን ሰዎች ስለ መሬታችን ሊወስኑ ነው ተባለ። በሽርክና ስም የሚያርሱት ሁሉ እውነተኛ ጭሰኛ የሚሆኑበት አንቀጽ ማክሰኞ ይቀርባል የሚል ወሬ ወጣ። ወሬውን ባለመሬቶቹም ሰሙ። በዋዜማው በመላ አገሪቱ ደብዳቤ ዘነበ።

የእኛን ያመጣው የሰር ኢዋን ወኪል ፖርቴየስ ነው። ፖርቴየስ ሁልጊዜ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ምድጃው አጠገብ ቦቲውን አውልቆ፣ እግሩን የሚያሞቅ ሰው ነበር። ያን ዕለት አንኳኳ።

“ግባ እንጂ ሰውዬ፣ ብርዱን ቤት አታስገባብን” አለ ዋቲ።

“አልገባም ዋቲ። ይቺን ልስጥህና… ሌሎችም አሉብኝ።”

“ምንድን ናት?”

“ወረቀት ናት። እንዲያው ለሥርዓቱ ነው ያሉኝ።”

“አንተ ሰው፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሰጥተኸኝ ታውቃለህ?”

ፖርቴየስ በሩ ሥር የተኛችውን ውሻ አየት አደረጋት። “አረጀች ይቺም” አለና ሄደ። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ለጎረቤት ደብዳቤ አይጽፍም። ነገር ያለው በእግሩ ይመጣል፤ ደብዳቤ ከመጣ ጠብ ነው። ኤልስፔት ፖስታውን ቀደደችው፣ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

“ሸሪክህ ጥሎህ ሄደ” አለች።

“ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ?”

ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

የፓርላማው ኮሚቴ ደብዳቤ ከደረሳቸው ጭሰኞች ጥቂቱን ሊሰማ ሲጠራ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ዋቲን መረጡት። ለምን እሱን እንደመረጡ እስካሁን አላውቅም፤ ሌሎቹ እንደ ቁራ የሚለፈልፉ ነበሩ። ምናልባት ለዚያ ነው። ዋቲ የሚናገረውን በእርሳስ ጽፎ አመጣልኝ፤ ከመኖ ጆንያ ላይ በተቀደደ ወረቀት ጀርባ። “ብላክሪግ ደህና መሬት አይደለም። ታችኛው መስክ ውኃ ያቁራል። ግን ለምጄዋለሁ። ልጄ ሮና ከእኔ ጋር ትሠራለች። መቆየት ነው የምፈልገው።” አበቃ።

“ጋሼ ዋቲ፣ ይሄ እኮ ልመና ነው” አልኩት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ልመና አላውቅም ነበር። “አንተ ተበዳይ ነህ። ተበዳይ ይከሳል እንጂ አይለምንም።”

“ታዲያ ምን ልበል?”

እኔ ጻፍኩለት። አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፤ ጽፌ ስጨርስም ኮርቼበት ነበር። መጨረሻው ላይ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፦ “እነዚህ ባለመሬቶች ፓርላማውን ሮጠው ሊቀድሙት ሞክረዋል፤ የሮጡበትን ቅጣት እንዲቀበሉ አድርጉልን።”

ዋቲ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አሰበ። “ቅጣት የምትለዋ ትከብዳለች፣ ኤፊ።”

“ትክበድ።”

“ሰር ኢዋን እኮ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው እንጂ።”

“ጋሼ!”

“እሺ፣ እሺ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።”

ለቀብር ብቻ የሚያወጣውን ጥቁር ሱፍ ለብሶ በአውቶቡስ ሄድን። ፓርላማው ያኔ የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው፣ ከቤተ ክርስቲያን በተከራየው አዳራሽ ነበር የሚሰበሰበው። ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። “እነሱም ጭሰኞች ናቸዋ! እንግዲያው ይገባቸዋል።” ደረጃውን ሲወጣ ይህንኑ ለበር ጠባቂው ደገመለት። ጠባቂው ግን ፈገግም አላለም።

አባላቱ ፊት እየተደናቀፈ አነበበ። የእኔ ቃላት እንደ ሰው ጫማ አልልክ አሉት። መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ፣ ወረቀቱን ሳያይ፣ ጥርት አድርጎ አላት፤ ምናልባት ስለፈራት ደጋግሞ አጥንቷት ይሆናል። አንዲት አባል እርሳሷን አስቀምጣ አጨበጨበች። የኮሚቴው ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሯን ቃል በቃል ወደ ቃለ ጉባኤው አስገባት።

ሕጉ ወጣ። ከወሬው ሰሞን ጀምሮ እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ የተጻፈ የማፍረሻ ደብዳቤ ጭሰኛውን አይነቅለውም፤ ሰውየው “ጭሰኛው እኔ ራሴ ነኝ” ብሎ ካስታወቀ ዕድሜ ልኩን ይቆያል። ከጁላይ ወዲህ የሚጽፍ ባለመሬት ግን የተወሰነ ዓመት ጠብቆ መሬቱን ያገኛል። ሁለት ባለመሬቶች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጽፈው፣ አንዱ በወራት ስለቀደመ ብቻ ለሁልጊዜ አጣ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ምንም አልከነከነኝም። እሰይ፣ ይበላቸው፣ ነው ያልኩት።

በመከር ወራት ሰር ኢዋን ራሱ፣ ያለ ወኪል፣ በእግሩ መጣ። ከደብዳቤው በኋላ እንዲህ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። በር ላይ ቆሞ ለዋቲ እጁን ዘረጋለት። “ዋቲ፣ ያንን ሕግ እንተወውና አንተና እኔ እንዋዋል። ሃያ ዓመት በወረቀት ልስጥህ። ሮናም ትጨመርበት። ጨበጥከኝ?”

ዋቲ አልጨበጠም። “ሕግ አለኝ ሰር ኢዋን” ነው ያለው። “የራሳችን ፓርላማ ያወጣው ሕግ አለኝ። ሃያ ዓመት ምን ያደርግልኛል?”

ኤልስፔት ሰውየው ሲሄድ ጠብቃ፣ “ጅል!” አለችው። “የተዘረጋ እጅ ይመለሳል?”

“ያቺ ሰኞ ደብዳቤ ሲልክብኝ ይህ እጁ የት ነበር?”

“እጅ እጅ ነው ዋቲ፤ ሕግ ሩቅ ነው።”

“ኤድንብራ ሩቅ ነው? በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት አይሞላም!”

በዚያ ዓመት የእኛ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነበሩ። የራሳችን ያሉትን ፓርላማ እንደ ወለዱት ልጅ ነበር የሚያምኑት፤ የሚችለውንና የማይችለውን የጠየቀ የለም። እኔ ጠይቄ ማወቅ ነበረብኝ። የፓርላማው መቋቋሚያ ሕግ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ዐሥር ዓመት አለፈ። ዋቲ በዐሥሩ ዓመት የሚቆይ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ሠራ። ታችኛውን መስክ በክረምት ቆፍሮ፣ ከምድር በታች ቧንቧ ቀብሮ አደረቀው። በእጁ ነው ብዙውን የቆፈረው፤ ሮና ቧንቧውን ታቀብለው ነበር። ከዚያ በፊት ዳክዬ ብቻ የሚያርፍበት መስክ ገብስ አበቀለ። ሰር ኢዋን ሞተና ለንደን የሚኖረው ልጁ ወረሰ። እኔም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀረሁ፤ የሰብአዊ መብት ሕግ አስተማሪ ሆንኩ።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ፓርላማ ግን ይከሰሳል፤ የእኛው ዓይነቱ፣ ሥልጣኑ ተለክቶ የተሰጠው። ከእኛ ርቆ ያለ፣ ዋቲ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ አንድ ባለመሬት፣ “ይህ አንቀጽ የንብረት መብቴን ይነጥቃል፤ ከሌሎች ባለመሬቶችም ያለ ምክንያት ለይቶ ይጎዳኛል” ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየወጣ ለንደን ደረሰ። እዚያ ዳኞቹ ባለመሬቱ እውነት አለው አሉ። ፓርላማው ከሥልጣኑ አልፏል።

ውሳኔውን አትሜ ብላክሪግ ወሰድኩት። ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን።

“በይ አስረጂኝ” አለ ዋቲ። “ቀስ እያልሽ። ለሰው ነው የምታስረጂው፣ ለተማሪ አይደለም።”

“ፓርላማችን የአውሮፓን የሰብአዊ መብት ስምምነት የሚጻረር ሕግ ማውጣት አይችልም። ካወጣም እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው።”

“የማን መብት ነው የተነካው?”

“የባለመሬቱ። የንብረት መብቱ።”

“ሰብአዊ ነው ይሄ?”

“ሰብአዊ ነው።”

“ሸሪኬስ? እሱም ሰብአዊ አለው?”

“ዋቲ፣ ዝም በልና ስማ!” አለች ኤልስፔት። ከዚያ ግን እሷው ወደ እኔ ዞረች። “ይህንኑ ሕግ ለንደን አውጥታው ቢሆንስ? እነዚህ ዳኞች እንዲህ ይደፍሯት ነበር?”

መልሱን አውቀው ነበር፤ በየዓመቱ ለተማሪዎች የምነግረው ነው። “አይ። ለንደን ያወጣችውን ‘መብት ይጻረራል’ ብለው ይናገራሉ እንጂ አይሽሩትም። ሕጉ ባለበት ይቆያል።”

“አሃ። አቤቱታችንን ለታላቁ ፓርላማ ብናቀርበው ይጸና ነበር። እኛ ታናሹ ጋ ሄድን።”

“ታናሹ ነው የሰማን” አለ ዋቲ።

“ሰምቶ ምን አደረገ?”

ዋቲ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። “እኔ የታለሁ እዚህ ውስጥ?”

“ተከራካሪ አልነበርክም ጋሼ። ጉዳዩ የሌላ ሰው ነው። ግን ደብዳቤ የደረሳችሁን ሁሉ ይነካል።”

“ሳልጠራ ተፈረደብኝ በይኛ።”

የማልፈልገው ገጽ ላይ እንዳይደርስ ወረቀቱን ልወስድበት እጄን ዘርግቼ ነበር። አልሰጠኝም። መነጽሩን አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ገጽ በገጽ ሄደ። ሕጉ የወጣው ጭሰኛን ለመጠበቅ ነው ወይስ ባለመሬትን ለመቅጣት የሚለውን ሲመረምሩ፣ ዳኞቹ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አገላብጠው ነበር። “አንድ ጭሰኛ ለኮሚቴው እንደተናገረው” ይልና ይቀጥላል፤ የሮጡበትን ቅጣት እንዲቀበሉ። ቃል በቃል። ከሥሩ፣ የአንቀጹ ዓላማ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መቅጣትም እንደነበር ይህ ያሳያል፣ ቅጣት ደግሞ እንዲህ ያለውን ልዩነት ሊደግፍ አይችልም ይላል። በእርግጥ ውሳኔው በዚያች ቃል ብቻ አልቆመም፤ ሌላ ብዙ ምክንያት አለው። ይህን ለተማሪዎቼ እላለሁ። ለራሴም እለዋለሁ።

ጣቱ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ጣቱን አንስቶ፣ በምላሱ አርሶ፣ ገጹን ገለበጠው።

“ሻይሽ ቀዘቀዘ” አለኝ።

ስለዚያች መስመር ምንም አላለም። ያን ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ።

ፓርላማው ስህተቱን እንዲያርም ጊዜ ተሰጠው፤ አረመም። እርማቱ አጭር ነው፦ ያን ሰሞን ደብዳቤ የደረሳቸው ሁሉ እንደሌሎቹ ይሆናሉ። ባለመሬቱ ከፈለገ ያስቀራቸዋል፣ ካልፈለገ ጊዜ ሰጥቶ ያስወጣቸዋል። ከለንደን የሰር ኢዋን ልጅ አልፈልግም አለ። ብላክሪግን ዛፍ ሊያለብሰው ነው፤ የደረቀውንም መስክ ጨምሮ። ፖርቴየስ ሸምግሎ፣ በከዘራ እየተደገፈ፣ ወረቀቱን አመጣ። አሁንም አንኳኳ።

“ግባ” አለው ዋቲ።

“ዋቲ፣ እኔ እኮ…”

“ግባና እግርህን አሙቅ። ደብዳቤውን ለኤልስፔት ስጣት። ደብዳቤ የምትከፍት እሷ ናት።”

የመልቀቂያው ቀን የሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት የቅዱስ ማርቲን ቀን ሆነ፤ በአገራችን የውል አቆጣጠር ኖቬምበር ሃያ ስምንት። ጭሰኛ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ቀን ነው። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ የመልቀቂያው ጨረታ ተደረገ፤ ከብቱ፣ ትራክተሮቹ፣ ማረሻው፣ እስከ ባልዲው ድረስ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ። ሮና አልነበረችም። ከፍርዱ ዓመት በኋላ ለበግ ሸለታ ኒው ዚላንድ ሄዳ እዚያው ቀርታለች። አባቷ “መምጣት አያስፈልግሽም” ብሎ ጻፈላት፤ በሕይወቱ የጻፈው ደብዳቤ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። ግቢው በሰው ጢም አለ፤ ነገር ግን ከአካባቢው ሰው አንድም አፉን አልከፈተም። የተነቀለ ሰው ዕቃ ላይ መጫረት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የሞተ ሰው ኪስ እንደመግባት ነው። ስለዚህ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ያለ ተፎካካሪ እየሳቁ ወሰዱት። አጫራቹ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ዋቲ ግንቡን ተደግፎ ያያል። እነሱ ለክብሩ ብለው ነው ዝም ያሉት። እሱም ያውቃል። ግን አንድ ጊዜ፣ ማረሻው ለአንድ እንግዳ ሲሄድ፣ “አንድ ሰው እንኳ?” ብሎ ሲያጉተመትም ሰማሁት።

እኔ በዚያ ቀን የመጣሁት ልጠይቀው ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በየመንገዱ ሳዘጋጀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ያቺን መስመር ስታነብ የማን ቃል እንደሆነች አስበሃል? ወይስ አንተ ስለተናገርካት ያንተ ናት ብለህ ተሸከምካት? የጆንያው ወረቀት ላይ የጻፍከውን ብተውልህ ኖሮ… ይህንን እንኳ ባልጨምረው ይሻላል እያልኩ ነበር። ከትራክተሮቹ በኋላ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ከትራክተሮቹ በኋላ ሰው ከበበው። ከበጎቹ በኋላ አልኩ። ኤልስፔት ጠራችኝና ለሕዝቡ የበግ ሾርባ ስቀዳ ቆየሁ፤ ብርድ ስለነበር ወረፋው አያልቅም።

“ኤልስፔት፣ ጋሼ የት ነው?” አልኳት፣ ድስቱ ሲጎድል።

“በጎቹ ሲጫኑ ማየት አልችልም ብሎ ወጣ። እኅቱ ቤት ኬልሶ ይጠብቀኛል።”

“የማርቲን ቀን እኮ ገና ነው!”

“ለእሱ አልቋል።”

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ፒካፑ ጓሮውን ዞሮ በታችኛው መስክ በኩል ወደ አስፋልቱ እየወረደ ነበር። የመስኩ መውጫ ላይ ቆመ። ዋቲ ወርዶ የብረቱን በር ከፈተ፣ መኪናውን አሳለፈ፣ ተመልሶ መጣና በሩን ገጥሞ መቀርቀሪያውን ጣለበት። መስኩ ውስጥ አንድም በግ አልቀረም ነበር። መቀርቀሪያው እንደያዘ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠ።

“ጋሼ ዋቲ!” ብዬ ጮህኩ።

ነፋሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው። ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ኬልሶ ታጠፈ።